የጤፍ ቅንጣት የሚያህሉ ጥንዚዛዎች በቧንቧ ውሃ

(በተማሪዎች ኅብረት የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምንናገርበት ጉዳይ እጅግ ትንሽ ነው። ትንሽ ነው ማለታችን ለትሕትና አይደለም፤ የአንዱ ቁመት ከአንድ ሚሊ ሜትር እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ነው። የንግግሩ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ አንዳንድ ጓደኞቻችን «አገር በስንት ችግር ተይዛ እናንተ ጥንዚዛ ትቆጥራላችሁን?» እያሉ ሲቀልዱብን ሰንብተዋል። ቀልዱን በደስታ ተቀብለነዋል። ቀልደኞቹን ራሳቸውን ዛሬ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለምናያቸው፤ ጥንዚዛው ቢያንስ እነርሱን ለመሰብሰብ በቅቷል።

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ጥፋታችንን እንናዘዛለን፤ የዚህ ሥራ መነሻ እርሱ ነውና።

ከመካከላችን አራቱ የምንኖረው እዚሁ ደሴ፤ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። በግቢው ውስጥ አንድ ያረጀ የኮክ ዛፍ አለ። ባለፈው በልግ ዛፉ አዲስ ቅጠል ባወጣ ጊዜ ቅጠሎቹ እየተጨማደዱ ይጠቀለሉ ጀመር። ገልበጥ አድርገን ብናይ ውስጡ ክሽክሽ ሞልቶበታል። ጉንዳኖችም በግንዱ ላይ ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሳሉ። በክሽክሹ መካከል ደግሞ አልፎ አልፎ የጥጥ ቅንጣቢ የሚመስል ነጭ ነገር ተለጥፎ ይታያል፤ ትክ ብለው ሲያዩት ይንቀሳቀሳል።

የግቢው ባለቤት እትዬ ወደ እኛ መጥተው «ልጆቼ፤ እናንተ ሳይንስ ትማራላችሁ አሉ፤ እስቲ ይኸ ነጩ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛም ያለ አንዳች ጥርጥር፤ በአንድ ድምፅ፤ «ተባይ ነው፤ ግድ የለም እኛ እናጥበዋለን» አልናቸው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የሳሙና ውሃ በባልዲ በጥብጠን፤ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ሳይቀር ይዘን፤ ነጩን ነገር ከየቅጠሉ እየፋቅን ስናወርድ አመሸን። ክሽክሹ ግን በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ ስለ ነበረ አብዛኛው ተረፈ።

ከእኛ አንዱ ከነጮቹ ሦስቱን ከነቅጠላቸው በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ከትቶ በመስኮት ላይ ትቷቸው ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠርሙሱን ስናነሣ በቅጠሉ ላይ የነበረው ክሽክሽ አንድም አልቀረ፤ የተመጠጠ ባዶ ቆዳው ብቻ ተበትኗል። ነጮቹም መንቀሳቀስ ትተው ሙሽሬ ሆነዋል። ቆይቶ ከመካከላቸው ከአንዱ ሁለት ሚሊ ሜትር የምትሆን፤ ጥቁር ቡናማ መልክ ያላት፤ ሰውነቷ በአጭር ጠጉር የተሸፈነ ጥንዚዛ ወጥታ በመስተዋቱ ላይ ትሄድ ጀመር። በአጉሊ መነጽር እግሯንና አፏን ስናይ ነገሩ ገባን። ያ ነጭ ጥጥ ሰም ነበር። ሰሙን የለበሰው ደግሞ የክሽክሽ ጠላት የሆነው የጥንዚዛው እጭ ነበር። ዘበኛውን ደብድበን ለሌባው በሩን ከፍተናል ማለት ነው።

ሄደን ለእትዬ እውነቱን ነገርናቸው። «አብሽሩ ልጆቼ፤ ዛፉ መች ሞተ» አሉን። ኮኩ ግን በዚያ ዓመት እንደ ልማዱ አላፈራም። ምክንያቱ የእኛ ብሩሽ ብቻ ነው ብለን በሳይንስ ስም መማል አንችልም፤ የበልጉ ዝናብም ተቆራርጦ ነበር። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን የማናውቀውን ነፍሳት በብሩሽ ከመንካት ተቆጥበናል።

እንግዲህ ወደ ትምህርቱ እንግባ። ይህች ነፍሳት የምትመደብበትን ቤተ ሰብ በአማርኛ «የእመቤት ጥንዚዛ» እንበለው። ስሙ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ እንግሊዞችም ጀርመኖችም በየቋንቋቸው በእመቤታችን በማርያም ስም ይጠሩታል። በአውሮፓ የታወቀው ትልቁ ቀይ ዝርያ ሰባት ጥቁር ነጥብ ስላለው የእመቤታችንን ሰባት ኀዘኖች ያስታውሳል ይላሉ። ለአነጋገራችን እንዲመች ደግሞ እርስ በርሱ የሚዋለደውን «ዝርያ»፤ የሚቀራረቡ ዝርያዎችን ስብስብ «ወገን»፤ የወገኖችን ስብስብ «ቤተ ሰብ» እንላለን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንሰጣለን።

የእመቤት ጥንዚዛ ቤተ ሰብ ወደ 6000 የሚጠጉ ዝርያዎችና ወደ 360 የሚጠጉ ወገኖች አሉት። በመጽሐፍ ሽፋን ላይ የሚሣለው ነጠብጣብ ያለበት ቀዩ ጥንዚዛ የዚህ ቤተ ሰብ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከቀሩት እጅግ ብዙዎቹ ትንንሾች፤ ጥቁሮች ወይም ቡናማዎች፤ ጠጉራሞች ናቸው፤ ነጥብ የሚባል ነገር የሌላቸውም ብዙ ናቸው። ሥዕላቸውን የሚሥል ሰው ስለሌለ እንደሌሉ ይቈጠራሉ።

አንድ ነፍሳት ከዚህ ቤተ ሰብ መሆኑ በምን ይታወቃል? ጀርባው እንደ ጎጆ ጣሪያ ጎበጥ ያለ፤ ሆዱ ጠፍጣፋ ነው። በራሱ ላይ ያሉት ቀንዶች አጫጭሮች ሆነው ጫፋቸው ወፈር ይላል። ከአፉ አጠገብ ያለው የመዳሰሻው የመጨረሻ አንጓ የመጥረቢያ ቅርጽ አለው። እግሩ ጫፍ ላይ ያሉት አንጓዎች ሦስት ይመስላሉ፤ በእውነት ግን አራት ናቸው፤ ሦስተኛው እጅግ ትንሽ ሆኖ በሁለተኛው ውስጥ ተሸሽጓል። ይህን ተሸሻጊ አንጓ ለማየት ሦስት ማታ ፈጅቶብናል፤ መብራት የጠፋበትን ማታ ሳንቈጥር ነው። በጎመን ላይ የሚገኘው ጥቁር ትንሽ ጥንዚዛ ግን ሲነኩት እንደ ቁንጫ ከዘለለ የእመቤት ጥንዚዛ አይደለም፤ ቅጠል በሊታ የሆነ ሌላ ቤተ ሰብ ነው። የእመቤት ጥንዚዛ አይዘልም፤ ሲነኩት እግሩን አጥፎ የሞተ ይመስላል፤ አብዝተው ቢያስቸግሩት ከጉልበቱ መታጠፊያ መራራ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል።

ትንንሾቹን እርስ በርሳቸው መለየት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆይ ይፈቀድልን።

መጀመሪያ ጠጉሩን ማየት ነው። ሂፔራስፒስ የተባለው ወገን ትንሽ ቢሆንም ጠጉር የለውም፤ ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ብዙ ጊዜ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ነጥብ አለበት። ስኪምኑስ፣ ኔፉስና ስቴቶሩስ የተባሉት ግን ሁሉም ጠጉራሞች ናቸው። ከዚያ በኋላ ነፍሳቱን በጀርባው ማስተኛት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ሰው ጥንዚዛን የሚያየው ከላይ ነውና። በፊተኞቹ እግሮች መካከል ባለው የደረት አጥንት ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ከፍ ብለው ከታዩ ስኪምኑስ ነው። ሐዲዱ ከሌለ ኔፉስ ሊሆን ይችላል። የደረቱ የፊት ጠርዝ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ወደ አፉ ወጣ ብሎ ከሆነና ነፍሳቱ የጤፍ ቅንጣት ብቻ የሚያህል ጥቁር ከሆነ ስቴቶሩስ ነው። ይህ የመጨረሻው ክሽክሽ አይበላም፤ ምግቡ በቅጠል ሥር ድር የምታደራው ቀይ ሸረሪት የተባለችው ተባይ ናት።

ቀጥሎ የሆዱን የመጀመሪያ ክፍል ማየት ነው። ከኋላ እግሩ መነሻ ጀምሮ አንድ ቀጭን መስመር ወደ ታች ወርዶ ይታጠፋል። በአንዳንዶቹ መስመሩ ግማሽ ክብ ሠርቶ ወደ ተነሣበት ጠርዝ ይመለሳል፤ በሌሎቹ መንገድ ላይ ይቀራል። እጅግ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በስኪምኑስ ወገን ውስጥ ያሉት ንኡሳን ክፍሎች የሚለዩት በዚህ መስመር ነው። መልኩን የምናየው በመጨረሻ ነው። መልክ ያታልላል። በአውሮፓ ባለ ሁለት ነጥቡ የእመቤት ጥንዚዛ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጥብ ያለው አለ፤ ጥቁር ሆኖ ቀይ ነጥብ ያለውም አለ፤ ሁለቱ ግን አንድ ዝርያ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም ይዋለዳሉ። በትንንሾቹ ዘንድ ደግሞ ተቃራኒው ይበዛል፤ መልካቸው ፍጹም አንድ የሆኑ ቡናማዎች በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተገኝተው ሦስት ዝርያ ሊሆኑ ይችላሉ።

ታዲያ የመጨረሻው ፍርድ በምን ይሰጣል? በወንዱ የመራቢያ አካል ነው። እንደ ቁልፍ ጥርስ በየዝርያው ቅርጹ የተለያየ ነው። የሆዱን ጫፍ ፈልቅቆ በፖታስየም ሃይድሮክሳይድ ለስላሳውን ሥጋ አሟሙቶ በማይክሮስኮፕ ማየትን ይጠይቃል። እጃችን ከቀናን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሦስት ያህል እንጨርሳለን፤ ከተንቀጠቀጠ ግን አንዱም አይተርፍም። ከ2003 ወዲህ ደግሞ የአንድ አጭር የዘር ክፍልን ፊደል በማንበብ ዝርያን የመለየት ዘዴ ተስፋፍቷል። ጥሩ ዘዴ ነው። ሆኖም የተነበበው ፊደል የሚነጻጸረው አስቀድሞ ስም ከተሰጠው ናሙና ጋር ነው፤ ያን ስም የሰጠውም ሆዱን ገልብጦ ያየ ሰው ነው።

የአመዳደቡ ታሪክ ራሱ እንደ እኛ የተሳሳቱ ሰዎች ታሪክ ነው፤ ይህን ስናነብ ተጽናንተናል። ስዊድናዊው ሊኔ በ1758 ኮክሲኔላ የሚል አንድ ወገን አቁሞ ብዙዎቹን ዝርያዎች በነጥባቸው ቁጥር ሰየማቸው፤ ባለ ሁለት ነጥብ፣ ባለ አምስት ነጥብ፣ ባለ ሰባት ነጥብ እያለ። ነጥብ ለሌላቸው ትንንሾች ይህ አቈጣጠር ምንም አልፈየደም። በ1794 ኩገላን የተባለ ጀርመናዊ ስኪምኑስ የሚለውን ወገን ለይቶ አወጣ። ከዚያም በ1850 የሊዮን ከተማ ሰው ሙልሳንት በዚህ ቤተ ሰብ ላይ ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ርእሱ ላይ ጥንዚዛዎቹን «ባለ ሦስት አንጓ» ብሏቸዋል፤ ያ የተሸሸገው አራተኛ አንጓ እንዲያ ያለውንም ሰው አታልሎታል ማለት ነው። ሙልሳንት ቤተ ሰቡን በሁለት ከፈለው፤ ጠጉር የሌላቸውና ጠጉር ያላቸው ብሎ።

በዚህ አከፋፈል የደረሰውን ነገር ልብ በሉ። ክሽክሽ የሚበላው ትንሹ ስኪምኑስ ጠጉራም ነው። ቅጠል የሚበላው ኤፒላክና የተባለውም ወገን ጠጉራም ነው። ስለዚህ ገበሬን የሚረዳውና ገበሬን የሚጎዳው በአንድ ክፍል ገቡ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሊቃውንት መንጋጋውን፣ እጩንና የመራቢያ አካሉን እየመረመሩ ሁለቱን ለያዩአቸው። ጃፓናዊው ሳሳጂ በ1968 ቤተ ሰቡን በስድስት ንኡሳን ቤተ ሰቦች ከፈለው፤ ስኪምኑስና ኤፒላክናም በየፊናቸው ሄዱ። በ2007 ደግሞ ፖላንዳዊው ሽሊፒንስኪ ስድስቱን አፍርሶ ወደ ሁለት አወረዳቸው። ከዚያ ወዲህ በዘር ምርመራ የተደገፉ ሌሎች አከፋፈሎች ቀርበዋል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ስድስት፤ ሌላው ሁለት ቢላችሁ አትደንግጡ፤ የታተመበትን ዓመት ተመልከቱ።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ለእኛ ገበሬ ምን ያደርግለታል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ በጤፍ ማሳ ውስጥ ይገኛል። በአገራችን በጤፍ፣ በገብስና በስንዴ ላይ የሚታይ ቀላ ያለ፤ ጥቁር ነጥብ ያለበት፤ ጠጉራም የእመቤት ጥንዚዛ አለ። የግብርና ሰዎች የጤፍ ኤፒላክና ይሉታል። እርሱ የቤተ ሰቡ ከሐዲ ነው፤ እጩም ጎልማሳውም የቅጠሉን አረንጓዴ ሥጋ እየፋቀ ይበላል፤ የቀረው ቅጠል ነጣ ያለ መስኮት ይመስላል። በትምህርት ቤት «የእመቤት ጥንዚዛ የገበሬ ወዳጅ ነው» ተብሎ የተማረ ልጅ ይህን ባየ ጊዜ «አትንኩት» ብሎ ይመክራል። የኮኩ ዛፍ ጥፋታችን ግልባጭ ማለት ነው፤ እኛ ወዳጁን በጠላት መልክ ገደልን፤ ይህ ልጅ ደግሞ ጠላቱን በወዳጅ መልክ ያተርፋል።

መለያው ግን አስቸጋሪ አይደለም። የኤፒላክና እጭ ሰም አይለብስም፤ በጀርባው ላይ ቅርንጫፍ ያለው እሾህ ይዟል። የጎልማሳው መንጋጋ ብዙ ጥርስ አለው፤ የአዳኞቹ መንጋጋ ግን ጫፉ አንድ ወይም ሁለት ሹል ብቻ ነው። ስሙን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ይህ ነፍሳት በቀድሞዎቹ ጽሑፎች ኤፒላክና ሲሚሊስ፤ በኋለኞቹ ግን ክኖትሪባ ሲሚሊስ ይባላል። አንዱን ስም ብቻ ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚሄድ ተማሪ የሌላውን ስም ጽሑፎች ሳያገኝ ይመለሳል። ከእኛም አንዱ እንዲሁ ባዶ እጁን ተመልሶ «በዚህ ነገር ላይ የሠራ ሰው የለም» ብሎን ነበር።

ስለ ስም ካነሣን፤ የሚያስቅ ነገር እንጨምር። ስለ አፍሪካ ትንንሽ ጥንዚዛዎች የተጻፉ የቆዩ የአውሮፓ መጻሕፍትን ስንገልጥ «የኢትዮጵያ ዝርያዎች» የሚል ቃል በየገጹ አገኘን። እጅግ ደስ አለን፤ ይህን ያህል ሰው ስለ አገራችን የጻፈ መስሎን። ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እንግሊዛዊው ስክሌተር በ1858 ዓለምን በእንስሳቷ በስድስት ክፍል ሲከፍላት፤ ከሰሐራ በታች ያለውን አፍሪካ በሙሉ «የኢትዮጵያ ክፍል» ብሎ ሰየመው፤ ዋላስም በ1876 ተከተለው። ስለዚህ በእነዚያ መጻሕፍት «ኢትዮጵያዊ» የተባለ ጥንዚዛ የተገኘው በኬፕ ታውን ወይም በኮንጎ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ይህን ክፍል በሌላ ስም ይጠሩታል። ስማችን በየመጽሐፉ ተጽፎ ሳለ ጥንዚዛችን በመጽሐፉ አለመኖሩ ግን ጥቂት ቅር ያሰኛል። በ1960ዎቹ ሄልሙት ፉርሽ የተባለ ጀርመናዊ የአፍሪካን ስኪምኑሶች አንድ በአንድ መርምሮ ሥዕላቸውን አሳትሟል፤ እስከ ዛሬም ይህን ሥራ የጀመረ ሁሉ ወደ እርሱ ጽሑፍ ይመለሳል።

በስም ስሕተት ምክንያት ጊዜ እንደሚባክን የሚያሳይ ከአፍሪካ አንድ ትልቅ ምሳሌ አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነጭ ዱቄት የለበሰች አንዲት ተባይ በኮንጎና በዛየር የካሳቫ ማሳዎች ላይ ታየች፤ ከአገር ወደ አገርም ተዛመተች። የመጣችው ካሳቫ ከበቀለበት ከደቡብ አሜሪካ እንደ ሆነ ስለ ተገመተ፤ ሊቃውንት ጠላቷን ፍለጋ ወደዚያ ሄዱ። በሰሜኑ ክፍል አንዲት ተመሳሳይ ተባይ አገኙና ጠላቶቿን ለቅመው አመጡ፤ እነዚያ ጠላቶች ግን የአፍሪካዪቱን አንፈልግም አሉ። በኋላ ሲመረመር ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። የአፍሪካዪቱ ሐምራዊ ሆና ያለ ወንድ የምትራባ፤ ያችኛይቱ ቢጫ ሆና ወንድ ያላት ነበረች። ትክክለኛይቱ በ1981 በፓራጓይ ተገኘች፤ ከእርሷም ጋር አንዲት ትንሽ ተርብ ተገኘች፤ ተርቧም በዚያው ዓመት በናይጄሪያ ተለቀቀች። ሥራውን የመራው ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ። በዚህ ታሪክ ጀግናዋ ተርብ እንጂ የእመቤት ጥንዚዛ አለመሆኗን ሳንደብቅ እንናገራለን፤ ጥንዚዛዎችም ተልከው ነበር፤ ዋናውን ሥራ የሠራችው ግን ተርቧ ናት።

ጥንዚዛው ጀግና የሆነበትን ከፈለጋችሁ የካሊፎርኒያን ብርቱካን አስታውሱ። ከአውስትራሊያ የመጣች ነጭ ተባይ እርሻውን ልታጠፋ በደረሰች ጊዜ፤ አልበርት ኮብሌ በ1888 ወደ አውስትራሊያ ተልኮ አንድ ትንሽ ቀይና ጥቁር የእመቤት ጥንዚዛ ላከ። በመጀመሪያዎቹ ጭነቶች የደረሱት 129 ብቻ ነበሩ። በድንኳን በተሸፈነ ዛፍ ላይ ተለቅቀው ተራቡ፤ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜም ተባዪቱ ተሸነፈች። ይህ ጥንዚዛ በመጻሕፍት ሁሉ ሮዶሊያ ተብሎ ሲጠራ ኖሮ በ2020 ወደ ኖቪዩስ ወገን ተዛውሯል። ያው ኮብሌ በኋላ ያስመጣው ክሪፕቶሌሙስ የተባለው ደግሞ እጩ ልክ እንደ እኛው ነጭ ሰም ለባሽ ነው፤ ከሚበላት ተባይ ጋር እጅግ ይመሳሰላልና ያላወቀ ሰው ሁለቱንም በአንድነት ይገድላል። በእኛ ግቢ የሆነው በሌላውም ዓለም ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። በደጋችን በልግ የሚዘራውን ገብስ የሚያጠቃ የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ የሚባል አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በወሎና በትግራይ መኖሩ ታውቋል። ይህ ክሽክሽ የገብሱን ቅጠል እንደ ቀሰም ይጠቀልለዋል፤ በቅጠሉም ላይ ነጭ ወይም ሐምራዊ መስመር ያወጣበታል፤ ራሱም በጥቅልሉ ውስጥ ይኖራል። የሚረጨው መድኃኒት ወደዚያ በቀላሉ አይደርስም፤ ትልቁ ቀይ ጥንዚዛም ጀርባው ሰፊ ስለ ሆነ አይገባም። ሁለት ሚሊ ሜትሩ ስኪምኑስ ግን ይገባል። ትንሽነት ጥቅም የሚሆንበት ቦታ እዚህ ነው። የጎረቤታችን ገበሬ በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ቢያገኝ ምን እንደ ሆነ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ እኛ በቧንቧ ውሃ እንደ ነገርነው ዓይነት መልስ እንዳይነግረው ነው ፍርሃታችን።

ስለ አሰባሰባችን ጥቂት እንበል። መረብ አልነበረንም። አቡጀዲ በዛፉ ሥር ዘርግተን ቅርንጫፉን በዱላ እንመታለን፤ የወደቁትንም በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ እንስባለን። የቱቦው ጫፍ በሻሽ ካልታሰረ ነፍሳቱ ወደ አፍ ይገባል፤ ይህንም በልምድ አውቀነዋል፤ እጅግ መራራ ነው። በመጀመሪያ ጊዜ አልኮል ስላልነበረን ናሙናዎቹን በአረቄ አስቀመጥናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለስልሰው ተበጣጠሱ፤ አረቄው ውሃው የበዛበት ነበርና። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ተማሪዎች አረቄ በጠርሙስ እየገዙ መግባታቸውን አይቶ ስለ ጠባያችን የተናገረውን እዚህ አንደግመውም።

ከቧንቧ ውሃ ጓሮዎች፤ ከኮክ፣ ከጽጌረዳና ከጎመን ላይ የሰበሰብናቸው አብዛኞቹ ባለ ሐዲዶቹ ስኪምኑሶች ናቸው። አንድ ቀን በአውቶቡስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ደሴ በ2500 ሜትር ገደማ፤ ኮምቦልቻ በ1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ጥንዚዛውም ይለወጣል። እዚያ በአንድ ጓሮ ከፓፓያ ቅጠል ሥር፤ ቀይ ሸረሪት ድር ባደራችበት፤ ባለ ኮሌታውን ስቴቶሩስ አገኘን፤ በደሴ አንድም ጊዜ አላገኘነውም ነበር። በወረቀቱ ላይ የጻፍነው የወገኑን ስም ብቻ ነው። የዝርያውን ስም ለመጻፍ እጃችን ሲያሳክከን የኮኩን ዛፍ እናስታውሳለን።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው። በኅብረቱ ክፍል ባለው ቁም ሣጥን የታችኛው መደርደሪያ ላይ የናሙና ሣጥን አስቀምጠናል። ለዕረፍት ወደ ቦረና፣ ወደ ኩታበር፣ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ባቲ የምትሄዱ ሁሉ አንዳንድ ትንሽ ጠርሙስ ውሰዱ። ነፍሳቱን ስታስገቡ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት አብራችሁ ክተቱ፤ ቀለም በአልኮል ይጠፋል። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከፍታውን ብታውቁ ከፍታውን፣ ከምን ተክል ላይ እንዳገኛችሁትና ምን ሲበላ እንዳያችሁት ጻፉ። ይህ ወረቀት የሌለው ጥንዚዛ ለእኛ እንደ ጠጠር ነው። ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ካገኛችሁ ግን አትግደሉት፤ ከነቅጠሉና ከነክሽክሹ በጠርሙስ አድርጋችሁ አፉን በሻሽ እሰሩት፤ ጎልማሳ ሆኖ እስኪወጣ ጠብቁ።

የሚመጣው ቅዳሜ ጧት በሁለት ሰዓት ከግቢያችን በር ተነሥተን ወደ ጦሳ ግርጌ እንወጣለን። ሦስት አቡጀዲና ሁለት አጉሊ መነጽር አለን። ዱላ የየራሳችሁን ይዛችሁ ኑ። አሁን ጥያቄ ያለው ካለ እንቀበላለን፤ ማይክሮስኮፑም በጎን ጠረጴዛ ላይ ስለ ተዘጋጀ፤ ሐዲዱን በዐይኑ ማየት የሚፈልግ ተራ ይያዝ።